«በእንግሊዝኛ አስቡ» ሲባል ምን አድርጉ ማለት ነው?

ከሥራ መልስ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ አዋቂዎች አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ መሥራት ትፈልጋለች። የምታውቀው ቃል ብዙ ነው፤ የሰዋስው ፈተና ስሰጥ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። አንድ ማክሰኞ «ትናንት ማታ ምን አደረግሽ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ጣሪያውን አየች። በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። በመጨረሻ «የስተርደይ... ዌን አይ... ፍሮም ወርክ...» አለችና እዚያው ላይ አንገቷን ደፋች።

«ምን ልትዪ ነበር?» አልኳት በአማርኛ። ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ «ትናንት ከሥራ ስወጣ ዝናብ ስለያዘኝ፣ ታክሲ ጠብቄ ጠብቄ ሳጣ፣ በእግሬ ሄጄ ማታ ሁለት ሰዓት ቤቴ ገባሁ» አለችኝ።

ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው። ያሰናከላትም ይኸው ማማሩ ነው። ጥያቄውን እንደሰማች ሙሉው መልስ በአማርኛ ተሸምኖ፣ ጥለቱ ሳይቀር ገብቶለት መጣላት። ከዚያ በኋላ እሱን ክር በክር እየፈታች በእንግሊዝኛ እንደገና ልትሸምነው ሞከረች።

ለእንዲህ ያለ ተማሪ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር «በእንግሊዝኛ አስቢ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ከየት እንደሚጀመር ግን አብሮ የሚነግራት የለም። እኔ ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንደሚከተለው ነው።

ዝምታው ውስጥ ያለው ሥራ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቪለም ሌቨልት እ.ኤ.አ. በ1989 «ስፒኪንግ» በተባለው መጽሐፉ መናገር የሚባለውን ሥራ ከፋፍሎ አሳይቷል። መጀመሪያ የምንለውን ነገር እንመርጣለን። ቀጥሎ ለዚያ ነገር ቃልና ሰዋስው እናለብሰዋለን። በመጨረሻ በአፍ እናወጣዋለን። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ማልበሱና ማውጣቱ ልብ ሳንለው በራሱ ጊዜ ይካሄዳል፤ እኛ የምናስበው ስለምንለው ነገር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው በተለመደ ወግ በሰከንድ ሁለት ሦስት ቃል እያወጣ መኪናውን የሚነዳው፣ ወጡን የሚያማስለው ለዚህ ነው።

ተማሪዬ የተሸከመችው ሥራ ከዚህ ይበዛል። ነገሩን መረጠች፤ አማርኛ አለበሰችው፤ አማርኛውን መልሳ አወለቀችለት፤ ለእያንዳንዱ ቃል የእንግሊዝኛ አቻ ፈለገች፤ የቃላቱን ተራ ገለበጠች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ደግሞ ዋናው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዳይጠፋት በልቧ እንደያዘች ነው። አለን ባድሊና ግራሃም ሂች የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያጠኑት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፦ ሥራ እየሠራን ለጊዜው ነገር የምንይዝበት የአእምሮ ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ውኃ በእፍኝ ይዞ ቁልፍ እንደመፈለግ ነው፤ ቁልፉ ሲገኝ ውኃው አልቋል።

ስለዚህ ያ ዝምታ የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ ብዙ ተማሪዎች ዝም ባሉ ቁጥር «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» ብለው ስለሚደመድሙና ትምህርቱን ስለሚተዉ ነው። ይችላሉ። መንገዱ ነው የረዘመባቸው።

ግሱ መጨረሻ ላይ ነው

ለአማርኛ ተናጋሪ መንገዱን በተለይ የሚያረዝምበት ምክንያት አለ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ ገና በሁለተኛው እርምጃ ያመጣዋል። ተማሪዬ በመጨረሻ ያለችው ቃል «ገባሁ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን አፏን ስትከፍት መጀመሪያ ከምታስፈልጋት ነገር አንዷ እሷው ናት። እሷን ለማግኘት ዝናቡን፣ ታክሲውን፣ የእግር መንገዱን ሁሉ አልፋ እስከ ጫፍ መሄድ፣ ከዚያም ተመልሳ መምጣት ነበረባት።

ይህ ብቻ አይደለም። የእኛ ግስ ብዙ ሰው ይሸከማል። «አልነገርኳትም» አንድ ቃል ናት፤ ውስጧ ግን እኔም አለሁ፣ እሷም አለች፣ አሉታውም አለ። በእንግሊዝኛ «አይ ዲድንት ቴል ሄር» ተብሎ አራት ቃል ይሆናል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «እኔ» የሚለውን ፍለጋ ግሱን መበርበር አለበት። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለውን ደግሞ እንመልከት። በእንግሊዝኛ «ዘ ቡክ አይ ቦት የስተርደይ» ነው፤ መጽሐፉ ከኋላ ወደ ፊት መጣ፣ ትናንት ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። አንዱን ከሌላው መተርጎም ማለት ዓረፍተ ነገሩን ከጅራቱ ይዞ ማንበብ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰዋስው መምህሮቻችን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ነው። «ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ ገባሁ።» አራት ሥራ ተንጠልጥሎ አንድ ግስ ላይ ያርፋል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ይህን ታግሶ ይጠብቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የቋንቋችን ጸጋ ነው፤ እኔም ስጽፍ እጠቀምበታለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ተሸክመነው ስንሄድ ግን ይከብደናል፤ የእንግሊዝኛ ወግ የሚራመደው በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነውና።

መጀመሪያ ሐሳቡን ማሳጠር

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው በፊት ነው፤ ሐሳቡን በእጃችን ባለው እንግሊዝኛ ልክ መቁረጥ። ተማሪዬን እንዲህ አልኳት፦ «ዓረፍተ ነገሩን እርሺው። ዓይንሽን ጨፍኚና ትናንት ማታን እዪው። መጀመሪያ ምን ይታይሻል?» ዝናብ አለች። «በይው።» «ኢት ዎዝ ሬይኒንግ።» «ቀጥሎስ?» ታክሲ ተራው ታያት። «አይ ዌይትድ ፎር ኤ ታክሲ።» መጣ? «ኖ ታክሲ።» እሺ፣ ከዚያ? «ሶ አይ ዎክድ።» ስንት ሰዓት ደረስሽ? «አይ ጎት ሆም አት ኤይት።»

አምስት ትንንሽ ንግግሮች ናቸው። አንዱም ከበድ ያለ ሰዋስው የለበትም፤ ሆቴል ውስጥ ላለ እንግዳ ቢነገረው ሁሉንም ይረዳል። ልዩነቱ ያለው እንግሊዝኛው የተነሳበት ቦታ ላይ ነው። ቀድሞ ከአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይነሳ ነበር፤ አሁን ከሥዕሉ ተነሳ። ዝናቡን አይታ «ሬይን» አለች፤ በመካከል «ዝናብ» የሚለው ቃል ብቅ ቢል እንኳ አላገዳትም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ አልመጣምና።

«ይህማ የሕፃን እንግሊዝኛ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ በተለይ በሥራቸው የተከበሩ፣ በአማርኛ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ተማሪዎች። ስሜታቸው ይገባኛል። በአማርኛ ትልቅ ሰው ሆኖ በእንግሊዝኛ ልጅ መሆን ያማል። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለ ስርጭት ሲጀምር ዜናውን ያነብ የነበረው በ1500 ያህል ቃላትና በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ በዝግታ ነበር። ጦርነቱም፣ ምርጫውም፣ ሳይንሱም በዚያው ተነገረ። ማጠር ማነስ አይደለም።

የቅኔ ቤቱ መንገድ

አፋችንን ባልፈታንበት ቋንቋ ማሰብን የሚያስተምር ጥንታዊ ትምህርት ቤት በአገራችን አለ። ግዕዝን ዛሬ ማንም በእናቱ ጭን አይማረውም። ሆኖም በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች በዚህ ቋንቋ አዲስ ሐሳብ የሚያፈልቁ ሰዎችን ሲያወጡ ኖረዋል። ተማሪው ግስ ይገሳል፣ ሰዋስው ያጠናል፤ በዚያ ግን አያበቃም። መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ያሰማሉ፤ ምስጢሩን፣ ስልቱን ይፈታሉ። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ወጣ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ቅጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ይኸውም በልቡ ያዘጋጃል። ሲጨርስ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ እርሳቸው የተጣመመውን ያቀኑለታል። በማግስቱም እንደዚያው።

እኔን የሚገርመኝ የመነሻው መጠን ነው። የመጀመሪያው ቅኔ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት ቤት ቢሆንም ሙሉ ነው፤ ሐሳብ ጀምሮ ይጨርሳል። ቀጥሎ ሦስት ቤት ያላቸው ዘአምላኪየና ሚ በዝሁ ይመጣሉ፤ ዋዜማ አምስት ይሆናል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ከብዙ ድካም በኋላ ነው። በመወድስ የሚጀምር ተማሪ የለም። ተማሪዬ ግን በዚያ ማክሰኞ በእንግሊዝኛ መወድስ ልትዘርፍ ነበር የተነሳችው።

ስለዚህ ለክፍሌ ያወጣሁት ሥርዓት ከዚያ የተወሰደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይናገርም። ሁለቱ ግን አንድ ነገር ጀምረው የሚጨርሱ መሆን አለባቸው። «ማይ ብራዘር ኮልድ ሚ ቱዴይ። ሂ ኒድስ መኒ።» በቃ። ሳምንቱ ሲያልፍ ሦስት ይሆናል። ለብቻ መቁጠሩም፣ ለመምህር መንገሩም አለ፤ ሁለቱም አይቀሩም። ብቻውን የሚለማመድና የሚያርመው የሌለው ሰው ስሕተቱን አጥብቆ ይማራል፤ መምህር ፊት ብቻ የሚናገር ደግሞ አንደበቱ መቼም አይፈታም።

ቃልን ከነገሩ ጋር ማሰር

አብዛኞቻችን እንግሊዝኛ ቃል የተማርነው ደብተራችንን መሃል ለመሃል አስምረን ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ይህን የምናደርገው ሰንፈን አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስገብቶታል፤ የሁለተኛ ደረጃው ማስተማሪያ ግን እንግሊዝኛ ነው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ እንግሊዝኛን በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ያይ የነበረ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። መተርጎም የዚያ ልጅ መዋኛ ነው፤ ባይተረጉም ይሰጥም ነበር። እኛም ያንን ልጅ ይዘን አደግን።

ተመራማሪዎቹ ጁዲት ክሮልና ኤሪካ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ማብራሪያ ይህን በደንብ ያሳያል። በጀማሪ አእምሮ ውስጥ የአዲሱ ቋንቋ ቃል የሚታሰረው በአፍ መፍቻ ቃሉ ላይ ነው፤ ወደ ነገሩ የሚደርሰው በእሱ በኩል ዞሮ ነው። ቋንቋው እየጠነከረ ሲሄድ ቃሉ ከራሱ ከነገሩ ጋር ቀጥታ ይያያዛል። እንግዲህ «በእንግሊዝኛ ማሰብ» የምንለው በትልቁ ይኼ ቀጥታ ክር ነው። ክሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ ለቋንቋው በሙሉ አይዘረጋም፤ በየቃሉ፣ በየሥፍራው ነው የሚዘረጋው። ወጥ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው ባንክ ሲገባ ሊተረጉም ይችላል።

ስለዚህ ሥፍራ ምረጡ። ቡና እየቆላችሁ ጀምሩት። እጃችሁ እየሠራ አፋችሁ ይከተለው፦ «አይ ዎሽ ዘ ቢንስ። አይ ፑት ዘም ኦን ዘ ፓን። ኖው ዜይ አር ብራውን። ኖው ዜይ አር ብላክ። ዜር ኢዝ ኤ ሎት ኦፍ ስሞክ። ኢት ስሜልስ ጉድ።» ጭሱ ፊታችሁ ላይ ነው፤ «ስሞክ» የሚለው ቃል ከዚያ ጭስ ጋር፣ ከዚያ ሽታ ጋር ይታሰራል። ጀበናው ጀበና ይባል፤ የእንግሊዝኛ ስም ፍለጋ አትሂዱ። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ቡና እንደገና። የዕለቱን አስር አዲስ ቃል ለመሸምደድ የምታወጡትን ጊዜ እዚህ ላይ ብታውሉት እመርጣለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጎደላችሁ የምታውቁትን ቃል በጊዜው ማግኘት ነው።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ማክሲሚሊያን በርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። ታሞ በተኛ ጊዜ እንግሊዝኛ የማያውቅ ፈረንሳዊ ረዳቱ የፈረንሳይኛ ክፍሉን ያዘ ይባላል። ሰውዬው መተርጎም ስለማይችል በእጁ እየጠቆመ፣ በድርጊት እያሳየ ሲያስተምር ሰነበተ፤ በርሊትዝ ሲመለስ ተማሪዎቹ እርስ በርስ በፈረንሳይኛ ሲጠያየቁ አገኛቸው ተብሎ ይተረካል።

ራበኝ፣ ያዘኝ፣ አይዞህ

አንዳንዱ ነገር ቢተረጎምም አይሆንም። በአማርኛ ረሃብ መጥቶ «ይርበኛል»፤ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። ብርዱም ይበርደኛል፣ ጭንቁም ይጨንቀኛል። በእንግሊዝኛ «አይ አም ሃንግሪ» ብዬ እኔው ባለቤት እሆናለሁ። ጉንፋን በእኛ አገር ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋኑን ይይዘዋል፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ቴሌቪዥን እንከፍታለን፤ እነሱ ግን «ተርን ኦን» ይላሉ እንጂ «ኦፕን» አይሉም። ከሰው ፊት ተነስተን ስንወጣ «መጣሁ» እንላለን፤ «አይ ኬም» ብላችሁ ከወጣችሁ የተቀመጠው እንግዳ ግራ ይገባዋል። ለዚያ ቦታ የተቀመጠው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

በተለይ «አይዞህ»ን ልያዝ፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ «አይዞህ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ መልስ የለውም። ልጅ ሮጦ ሲወድቅ «ዩ አር ኦኬይ» ይባላል። ጓደኛ ፈተና ሊገባ ሲል «ዩ ካን ዱ ኢት» ይሆናል። ሐዘን ቤት «አይ አም ሶ ሶሪ»። ለታመመ «ጌት ዌል ሱን»። አንዷ የእኛ ቃል አራት ቤት ትገባለች፤ እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁልፍ አለው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ቀይሩት፤ «ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» የሚለውን «እዚህ ቦታ ላይ የቆመ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ምን ይላል?» በሚለው ተኩት። ተመራማሪዎቹ አንድሩ ፖውሊና ፍራንሲስ ሳይደር እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፉት፣ አፍ የፈታ ተናጋሪ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ከባዶ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ በቃሉ የያዛቸውን የተዘጋጁ ሐረጎች እያነሳ ነው የሚያገጣጥመው። እናንተም ሐረጉን እንዳለ፣ ሳትበትኑት፣ ከነዜማው ያዙት።

አክብሮትም እንዲሁ ነው። «ውኃ ስጠኝ» እና «ውኃ ይስጡኝ» በአማርኛ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለቱንም ስትተረጉሟቸው «ጊቭ ሚ ዋተር» ይሆናሉ፤ አንቱታው መንገድ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት በአማርኛ እጅግ ጨዋ የሆነ ሰው በእንግሊዝኛ ባለጌ መስሎ ሲታይ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፤ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ይበል እንጂ አክብሮቱን ሌላ ቦታ ነው ያስቀመጠው፦ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዋተር፣ ፕሊዝ?»፣ «ውድ ዩ ማይንድ...?» ሆቴል ውስጥ መሥራት ለምትፈልገው ተማሪዬ ከሰዋስው ሁሉ በፊት ያስያዝኳት እነዚህን ነው።

ስድስት ሰዓት መቀነስ

ሰዓት ላይ ሁላችንም እንቀንሳለን ወይም እንደምራለን። ፈረንጁ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ሲል በልባችን ሦስት ሰዓት ብለን፣ ስድስት ደምረን፣ «ናይን» እንላለን። ስልክ ላይ ሆነን ስንደናገር ደግሞ እንግዳው በስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ሒሳቡን ተዉት። ሰዓቱን ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፦ ሥራ የምገባው «አት ኤይት ሰርቲ»፣ ምሳ «አት ዋን»፣ የማታው ክፍል «አት ሲክስ»። የስልካችሁ ሰዓት ቁጥሩን እንደዚያ ነው የሚያሳያችሁ፤ ባያችሁት ቁጥር በእንግሊዝኛ ብቻ አንብቡት፤ ለጎረቤት ስትነግሩ በእኛው። ሁለት ሰዓት በሁለት ኪስ ይያዝ። አንዱን ከሌላው እያሰሉ ማውጣት ነው የሚያደናግረው።

ለብቻ መናገር

ከልምምዶች ሁሉ ውጤቱን በዓይኔ ያየሁት አንድ አለ። ኒው ዚላንዳዊው የቋንቋ መምህር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈበት ነው። አንድ ነገር ለአንድ ሰው በአራት ደቂቃ ትናገራላችሁ። ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት ደቂቃ። እንደገና ለሦስተኛ ሰው በሁለት። ሐሳቡ ያው ስለሆነ ምን እንደምትሉ መፈለግ ይቀራል፤ አእምሮ ነፃ ይሆንና አፍ ይፈጥናል። ሦስተኛው ላይ ለመተርጎም ጊዜ የለም። ሰው ከሌላ ስልካችሁን አስቀምጡና ድምፃችሁን ቅረጹ፤ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን አስከትላችሁ ስሙ።

የእንግሊዝኛ ንግግር እየሰሙ በተናጋሪው ኋላ ኋላ እየተከተሉ መድገምም ጥሩ ነው፤ አስተርጓሚዎች የሚሠለጥኑበት ነው። የሚናገረው ሰው ስለማይጠብቃችሁ አማርኛው ለመግባት ክፍተት ያጣል። ዝግ ያለ ተናጋሪ ምረጡ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቃል ሲጠፋባችሁስ? እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ወደ አማርኛ የሚመለሰው። ዙሩት። ወንፊት ምን እንደሚባል የማታውቁ ከሆነ «ዘ ቲንግ ዊዝ ስሞል ሆልስ። አይ ዩዝ ኢት ፎር ፍላወር» በሉ። አንድ ተማሪዬ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መንጋጋ የሚለው ጠፋበትና «ዘ ቢግ ቲዝ፣ አት ዘ ባክ» አለ፤ ሐኪሙ ገባው። በእንግሊዝኛ ጉድጓድ ላይ በእንግሊዝኛ ድልድይ መሥራት የሚችል ሰው ከእንግዲህ ብዙም አይቆምም።

አማርኛውን አታባርሩት

ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በመናገራቸው የሚቀጡበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ። «በእንግሊዝኛ እንዲያስቡ ነው» ይላሉ። ልጆቹ የሚማሩት ግን ዝም ማለትን ነው፤ ይህን ስል ከልቤ እያዘንኩ ነው። ሁለት ቋንቋ በሚችል ሰው አእምሮ ውስጥ አንዱ ሲሠራ ሌላው ጨርሶ እንደማይተኛ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ እየተናገራችሁ የአማርኛ ቃል ብቅ ቢልባችሁ የወደቃችሁ አይምሰላችሁ፤ ይለፍ። የምንጠነቀቀው ሙሉው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ቆመን እንዳንጠብቅ ብቻ ነው።

ከባድ ነገር ሲሆን እንዲያውም በአማርኛ አስቡ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ከሆነ ምን እንደሠራችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ በአማርኛ አብሰልስሉት፤ ሐሳቡ ይጥራ። ወረቀት ላይ ስታሰፍሩት ግን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ሥዕል ሳሉ፣ ወይም ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል አስቀምጡ። ከዚያ የምትነሱት ከሥዕሉ ነው።

መቼ ነው የሚመጣው?

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። በወርና በዓመት ልመልሰው አልችልም። በውጭ አገር መኖር ብቻውንም አያመጣውም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥራ ቦታው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአማርኛ የሚሄድለት ሰው ብዙ ዓመት ተቀምጦ መተርጎሙን ላይተው ይችላል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕለት ዕለት ቡናውን በእንግሊዝኛ የሚቆላ ሊቀድመው ይችላል።

የሚመጣው ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥቃቅኑ ይቀድማል። «ኦህ፣ ሶሪ»፣ «ዌይት»፣ «ኖ ፕሮብሌም» ሳታስቡት ይወጣሉ። ከዚያ የምትሠሩት ሥራ ቃላት። ገንዘብ መቁጠርና ጸሎት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ድረስ በአፍ መፍቻው ይቀራሉ፤ ይቅሩ።

ያቺ ተማሪዬ በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ምሽት አርፍዳ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ሥር እያራገፈች፣ ቦርሳዋን በሌላ እጇ እንደያዘች፣ «ሶሪ አይ አም ሌት። ዘ ትራፊክ ዎዝ ቴሪብል። ኢዝ ዚስ ሲት ፍሪ?» ብላ አጠገቧ ያለውን ጠየቀችና ተቀመጠች። ደብተሯን አወጣች። ምን እንዳደረገች አላስተዋለችውም። እኔም አላነሳሁባትም፤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ያቆምኩበትን ቀጠልኩ።